ሦስተኛዋ ፈራሚ፦ ኤቭሊን ሂክማንስና የበርሚንግሃሟ ሕፃን

«ዘ ላንሴት» የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት በኦክቶበር 1953 ስለ አንዲት ሕፃን አጭር ጽሑፍ አወጣ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጽሑፉ በሁለት ገጽ ያለቀ ነው። የያዘው ቁም ነገር ግን በጊዜው ሐኪም ነኝ የሚል ሰው በቀላሉ የሚቀበለው አልነበረም፤ ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለን፣ በዘር የሚወረስን፣ የሕፃንን አእምሮ የሚያጠፋን በሽታ በምግብ ብቻ ማሻሻል ተችሏል ይላል። ፈራሚዎቹ ሦስት ናቸው። ሆርስት ቢክል ከጀርመን የመጡ የሕፃናት ሐኪም፣ ጆን ጄራርድ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም። ሦስተኛዋ ኤቭሊን ሂክማንስ ሐኪም አልነበሩም፤ የበርሚንግሃም የሕፃናት ሆስፒታል ባዮኬሚስት፣ ማለትም የደምንና የሽንትን ኬሚስትሪ የሚመረምሩ ባለሙያ፣ ነበሩ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ ሲነገር በቢክል ተጀምሮ በቢክል ያልቃል። ቢክል ምስጋናው ይገባቸዋል፤ እሱን የሚነፍግ የለም። እኔ ግን ጉዳዩን በላቦራቶሪው በር ገብቼ ማየት እመርጣለሁ። ሕፃኗ የተመገበችው ነገር ከየትኛውም መድኃኒት ቤት የሚገዛ አልነበረም፤ ያን ሕክምና ላቦራቶሪው ራሱ አብስሎና አጣርቶ ነው ያወጣው። ያን ላቦራቶሪ ሠላሳ ዓመት ገደማ ያቆሙት ደግሞ ሦስተኛዋ ፈራሚ ናቸው።

ላቦራቶሪው ከሕፃኗ በፊት

ሂክማንስ የ1880ዎቹ ልጅ ናቸው። ሳይንስ የተማሩት በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ከተቋሙ ቀደምት ሴት ምሩቃን አንዷ ናቸው። ይህ እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ዩኒቨርሲቲው በ1900 ቻርተሩን ሲያገኝ ሴቶችን ከወንዶች እኩል ተቀብሎ ዲግሪ ሰጠ። ኦክስፎርድ ለሴቶች ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1920 ነው፤ ካምብሪጅማ እስከ 1948 ቆይቷል። በኬሚስትሪ ዲግሪ ይዛ የወጣች ሴት በዚያ ዘመን የሚጠብቃት ሥራ ባብዛኛው ማስተማር ነበር። ሆስፒታል ውስጥ የሐኪም ማዕረግ ሳይኖራት የራሷን ላቦራቶሪ የምትመራ ሴት በጣት የምትቆጠር ናት።

ሂክማንስ ወደ ሕፃናት ሆስፒታሉ የገቡት በ1920ዎቹ ነው። ሆስፒታሉ ያኔ ሌዲዉድ በሚባለው የከተማዋ ክፍል ነበር፤ ዛሬ ወዳለበት ስቲልሃውስ ሌን የተዛወረው በ1998 ነው። የገቡበት ጊዜ የሆስፒታል ባዮኬሚስትሪ ገና እንደ ሙያ የሚለይበት ዘመን ነበር። ኢንሱሊን በ1922 ለሕመምተኛ መሰጠት ሲጀምር የደምን ስኳር መለካት የምርምር ጉጉት መሆኑ ቀርቶ የየዕለት ግዴታ ሆነ። በ1921 ክሬመርና ቲስዶል በትንሽ ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ካልሲየም የሚለካበትን መንገድ አሳተሙ፤ ሪኬትስ የብዙ ሕፃናትን አጥንት ባጎበጠበት የኢንዱስትሪ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ዓይቶና ዳስሶ ይገምት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቁጥር መጠየቅ ጀመረ።

ቁጥሩን ማውጣት ግን ቀላል አልነበረም። የያኔዎቹ ዘዴዎች የተሠሩት ለአዋቂ ሲሆን ለአንድ ምርመራ ብዙ ሚሊ ሊትር ደም ይፈልጋሉ። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ በመላ ሰውነቱ ያለው ደም ሩብ ሊትር ገደማ ነው። ለስኳሩ፣ ለካልሲየሙ፣ ለዩሪያው እያሉ ቢቀዱለት ምርመራው ራሱ ያሳምመዋል። ስለዚህ የሕፃናት ሆስፒታል ባዮኬሚስት የመጀመሪያ ሥራ ዘዴውን ማሳነስ ነው፤ በጥቂት ጠብታ ሥራ ሠርቶ የማያሳፍር ውጤት ማውጣት። መድገም የሚያስችል ትርፍ ናሙና የለም። ይህን የሚሠራ እጅ በአንድ ቀን አይገኝም።

ሌላም ዕድል ነበራቸው። የሆስፒታሉ ፕሮፌሰር ሊዮናርድ ፓርሰንስ ሕፃናትን ያለ ኬሚስትሪ ማከም አይቻልም ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። በ1933 እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኖርማን ሃዎርዝና ባልደረቦቻቸው ቫይታሚን ሲን በላቦራቶሪ ሲሠሩ ፓርሰንስ ስከርቪ የተባለው የቫይታሚኑ እጥረት በሽታ የያዛቸውን ሕፃናት በዚሁ ንጹሕ ቫይታሚን (አስኮርቢክ አሲድ) አከሙ። ሃዎርዝ በ1937 ኖቤል ወሰዱ። ሂክማንስም ከፓርሰንስ ጋር የሕፃናትን ደም ማነስ አጥንተዋል። በዚያ ሆስፒታል አልጋውና የላቦራቶሪ ጠረጴዛው ይነጋገሩ ነበር ማለት ነው። ኋላ የመጣው ነገር ካልተጠበቀ ቦታ የወረደ ተአምር አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

በሽታው

ፌኒልኬቶኑሪያ፣ ባጭሩ ፒኬዩ፣ በ1934 ኖርዌይ ውስጥ ነው የተገኘው። እዚያ ነገሩን የጀመረችው እናት ናት፤ ሁለት ልጆቿ ለምን አእምሯቸው እንዳላደገና ለምን እንግዳ ሽታ እንዳላቸው ከሐኪም ሐኪም እየዞረች ጠየቀች። አስብዮርን ፎሊንግ የተባሉ ሐኪምና ኬሚስት የልጆቹ ሽንት ላይ ፌሪክ ክሎራይድ የተባለ ኬሚካል ቢጨምሩ አረንጓዴ ሆነ። ያን ቀለም ያወጣው በጤነኛ ሰው ሽንት የማይታይ ንጥረ ነገር፣ ፌኒልፓይሩቪክ አሲድ ነው።

የበሽታው አሠራር ሲታወቅ ቀላል ነው። የምንበላው ፕሮቲን ሲፈጭ ወደ አሚኖ አሲዶች ይበተናል፤ ከእነሱ አንዱ ፌኒልአላኒን ነው። ጉበት በአንድ ኢንዛይም አማካይነት የዚህን አሚኖ አሲድ ትርፍ ታይሮሲን ወደተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ይለውጠዋል። ኢንዛይሙ የማይሠራበት ሕፃን ዘንድ ፌኒልአላኒን እንደተገደበ ወንዝ ወደ ኋላ ይሞላል፤ ከግድቡ በታች ደግሞ ታይሮሲን ያንሳል። በጤነኛ ሰው 100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 1 ሚሊ ግራም ገደማ የሚሆነው ፌኒልአላኒን በነዚህ ልጆች ከ20 በላይ ይሆናል። እያደገ ያለውን አንጎል የሚጎዳው ይህ ክምችት ነው። ለፀጉርና ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚሠራውም ከታይሮሲን በመሆኑ ልጆቹ ከእህት ወንድሞቻቸው ይልቅ ነጣ ያሉ ናቸው። እናትና አባት ጤነኛ ሆነው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጉድለት ያለበት ዘረ መል ይሸከማሉ፤ ከአራት ልጆች አንዱ የመታመም ዕድል አለው። በአውሮፓ ከ10,000 ልደት አንዱ ገደማ ይህ በሽታ አለበት።

የመፍትሔው ሐሳብም ከበሽታው ዕውቀት ጋር አብሮ የመጣ ነው። የሚጎዳው ከምግብ የሚመጣ ከሆነ ከምግቡ ይቀነስ፤ ይህን ለማሰብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እንግሊዛዊው ላየነል ፔንሮዝ በ1930ዎቹ ሞክረውታል፤ የጨበጡት ነገር ግን አልነበረም። ችግሩ ፌኒልአላኒን የሌለበት ተፈጥሯዊ ፕሮቲን አለመኖሩ ነው። ወተት፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬ፣ ስንዴ ሁሉም አላቸው። ፕሮቲኑን በሙሉ ብትከለክለው ሕፃኑ በረሃብ ያልቃል። ስለዚህ ጉዳዩ ለአስራ ምናምን ዓመት «እውነት ነው፤ ግን ምን ይደረጋል» በሚል ቆመ።

እናትየዋ በላቦራቶሪው በር

ቢክል በርሚንግሃም ሲመጡ ያሳሰባቸው ሌላ በሽታ ነበር፤ ሲስቲን የተባለ አሚኖ አሲድ በሕፃናት ሰውነት የሚከማችበት። ከሂክማንስና ከሌሎች የሆስፒታሉ ባለሙያዎች ጋር በዚያ ላይ ሰፊ ጥናት አካሂደው በ1952 አሳትመዋል። ለዚያ ሥራ የተጠቀሙበት መሣሪያ የወረቀት ክሮማቶግራፊ ነው። ይህን እንዴት እንደሚሠራ ካላየን ቀጣዩ አይገባንም።

ትልቅ የማጣሪያ ወረቀት ይወሰዳል። አንዱ ጥግ ላይ የሽንት ጠብታ ይደረግና ይደርቃል። ወረቀቱ በታሸገ ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ጫፉ ፌኖል በመሰለ ፈሳሽ ይነከራል። ፈሳሹ ወረቀቱን እያረጠበ ሲሄድ አሚኖ አሲዶቹን ይዞ ይጓዛል፤ አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል። ሌሊቱን ያድራል። በማግሥቱ ወረቀቱ ደርቆ በጎኑ ይዞርና በሌላ ፈሳሽ እንደገና ይጓዛል። በመጨረሻ ኒንሃይድሪን የተባለ ቀለም አውጪ ኬሚካል ተረጭቶ ሲሞቅ ወረቀቱ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ ቦታው የታወቀ አንድ አሚኖ አሲድ ነው። ክፍሉ በፈሳሾቹ ሽታ ይሞላል፤ ልብስም ይዞት ይቀራል። ዘዴውን በ1944 ለዓለም ያስተዋወቁት ኮንስደን፣ ጎርደንና ማርቲን ሲሆኑ አርቸር ማርቲንና ሪቻርድ ሲንጅ ለመሠረቱ በ1952 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ይህን የያዘ የሕፃናት ሆስፒታል ላቦራቶሪ እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረም።

ቢክል የአእምሮ ዕድገታቸው የዘገየ ሕፃናትን ሽንት በዚህና በፌሪክ ክሎራይድ መመርመር ሲጀምሩ አንዲት ሕፃን ላይ ደረሱ። ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። አትቆምም፣ አትሄድም፣ አትናገርም። ለምግብም ሆነ በዙሪያዋ ላለው ነገር ግድ የላትም። ቀኑን የምታሳልፈው በማቃሰት፣ በማልቀስና ጭንቅላቷን በመምታት ነው። ፌሪክ ክሎራይዱ አረንጓዴ ሆነ። ወረቀቱ ላይ የፌኒልአላኒን ነጠብጣብ ገዝፎ ወጣ።

ለላቦራቶሪው ይህ ድል ነበር፤ ብርቅ በሽታ፣ የማያሻማ ውጤት። ቢክል ዓመታት ካለፉ በኋላ ሲያስታውሱ እናትየዋ በዚያ ውብ ወረቀት ከቁብ እንዳልጣፈችው ተናግረዋል። የበሽታው ስም ምን ያደርግላታል? ልጇን ምን እንደሚያደርጉላት ጠየቀች። ምንም እንደሌለ ነገሯት። አልተቀበለችም። ጠዋት ጠዋት ላቦራቶሪው በር ላይ ቆማ ዛሬስ አገኛችሁ ወይ ትላለች።

እዚህ ላይ ልቁም። ስለ ሳይንስ ግኝት ሲጻፍ «የወላጅ ጽናት» የተለመደ ማጣፈጫ ነው። እዚህ ግን ማጣፈጫ አይመስለኝም። መርማሪዎቹ በቂ አለን ብለው ነበር፤ የሚታተም ውጤት በእጃቸው ነው። ከምርመራ ወደ ሕክምና የገፋቸው የእሷ ጥያቄ ነው። ኖርዌይም በርሚንግሃምም እናት ባትነዘንዝ የበሽታው ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር።

ከሰሉ

ቢክል ምክር ፍለጋ ወደ ለንደን ሄዱ። በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የሚሠሩት ባዮኬሚስት ሉዊስ ዉልፍ አንድ ሐሳብ ነበራቸው፤ በአካባቢያቸው ግን ቶሎ ሰሚ አላገኘም። የወተትን ፕሮቲን፣ ካዚንን፣ ወደ አሚኖ አሲዶች በትኖ ፌኒልአላኒኑን በአክቲቬትድ ከሰል ማውጣት። ከሰሉ ቀለበት መሰል መዋቅር ያላቸውን አሚኖ አሲዶች ይዞ ያስቀራል፤ የቀሩትን ያሳልፋል።

በወረቀት ላይ ሁለት መስመር የሚሆነው ይህ ሐሳብ በሥራ ሲገባ የላቦራቶሪ ጉልበት ፈታኝ ነው። ካዚኑ በአሲድ ለሰዓታት ይፈላል። አሲዱ ራሱ ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ ያጠፋል። ከዚያ ፈሳሹ በከሰል ያልፋል፤ ከሰሉ ፌኒልአላኒንን ብቻ ለይቶ አይወስድም፣ ታይሮሲንንም አብሮ ይወስዳል። ስለዚህ የወጣው ሲጣራ የጠፋው ተመዝኖ መመለስ አለበት፤ ታይሮሲኑ ይመለሳል፣ ትሪፕቶፋኑ ይመለሳል። ታይሮሲን ከተረሳ ጉበቷ ሊሠራው የማይችለውን ነገር ከምግቧም አሳጣናት ማለት ነው። እያንዳንዱ ዙር ከመሰጠቱ በፊት ደግሞ በክሮማቶግራፊ መታየት አለበት፤ ፌኒልአላኒኑ በርግጥ ወጥቷል ወይ? ሽንቱን ለመመርመር የገባው ወረቀት አሁን የምግቧ ተቆጣጣሪ ሆነ።

ሥራው በቀዝቃዛ ክፍል ነበር የሚካሄደው፤ የአሚኖ አሲድ ሾርባ ለባክቴሪያ ግብዣ ነውና። የሚያስፈልገው ለአንድ ምርመራ የሚበቃ ብልቃጥ አይደለም፤ አንዲት ሕፃን በየቀኑ፣ ለወራት የምትመገበው መጠን ነው። ጣዕሙም ሽታውም የሚያስጠላ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ላቦራቶሪ ከመደበኛ ሥራው ጋር አጣምሮ ሠራ። የሌሎቹ አልጋዎች ስኳርና ዩሪያ በዚያ ምክንያት አልቆመም።

የሂክማንስ ድርሻ የት እንዳለ የሚጠይቅ ካለ እዚህ ነው እላለሁ። ሐሳቡ የዉልፍ ነው። ሕፃኗን ያገኙትና ነገሩን የገፉት ቢክል ናቸው። ነገር ግን ለንደን የነበረው ሐሳብ መጀመሪያ ወደ ሕፃን አፍ የደረሰው ለንደን ውስጥ ሳይሆን በርሚንግሃም ነው። ልዩነቱ ፕሮቲን መበተን፣ ማጣራት፣ መመዘን፣ ማረጋገጥና በማግሥቱ እንደገና መጀመር የሚችል ላቦራቶሪ መኖሩ ነው፤ የላቦራቶሪውም ኃላፊ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ፣ ሕፃናትን በጥቂት ጠብታ ሲመረምሩ የኖሩ ሴት ነበሩ። «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም፤ እኛ ውጤት እንሰጣለን እንጂ ምግብ አንሠራም» ማለት ይችሉ ነበር። የሚወቅሳቸውም አልነበረም።

ምግቡ የተጀመረው በ1951 ነው። መጀመሪያ የሆነው ነገር ከሞላ ጎደል አሸናፊ ይመስላል። በደሟና በሽንቷ ያለው ፌኒልአላኒን ወረደ፤ ፌሪክ ክሎራይዱ አረንጓዴ መሆኑን ተወ፤ ሽታዋም ጠፋ። ሕፃኗ ግን መክሳት ጀመረች። ሽንቷ ውስጥ አሁን ሌሎች አሚኖ አሲዶች በብዛት ይወጡ ጀመር። ክብደትና የሽንት ወረቀት አንድ ላይ ሲነበቡ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሰውነቷ የራሱን ሥጋ እየበላ ነው። ፌኒልአላኒን ሲበዛ መርዝ ቢሆንም ሰውነት ራሱ የማይሠራው፣ የግድ ከምግብ የሚያስፈልገው ነገር ነው። ሙሉ በሙሉ ሲነሳ ዕድገት ይቆማል።

መልሱ ጥቂት ወተት ነበር። በቀን ከግማሽ ግራም ያልበለጠ ፌኒልአላኒን የሚሰጥ የተለካ ወተት ተጨመረ፤ ክብደቷም ተመለሰ። የዚህ ጉዳይ ትልቁ የኬሚስትሪ ትምህርት ለእኔ ይህ ነው። ሕክምናው «ክልክል» የሚል ምግብ አልሆነም፤ በበቂና በብዙ መካከል ያለች ጠባብ መንገድ ሆነ። መንገዷም የምትገኘው በመለካት ብቻ ነው፤ ከሐኪሙ ዓይን በፊት መክሳቷን ከምክንያቱ ጋር ያገናኘው ወረቀቱ ነው።

አምስት ግራም

ከዚያ ለወራት ዘገምተኛ ለውጥ መጣ። ዳኸች። ቆመች። ወንበር ላይ መውጣት ጀመረች። ፀጉሯ ጠቆረ። የማያቋርጠው ለቅሶና ጭንቅላት መምታቱ ቀረ።

ይህ ግን ማስረጃ ይሆናል ወይ? ሕፃን ማደጉ አይቀርም። ትኩረት ያገኘች ልጅ ትለወጣለች። እናት ደግሞ ማየት የምትፈልገውን ታያለች። እነዚህን ጥርጣሬዎች ለማጥራት መርማሪዎቹ ለእናትየዋ ሳይነግሩ በቀን 5 ግራም ፌኒልአላኒን በምግቡ ላይ ጨመሩ። ከሰዓታት በኋላ እናትየዋ ልጇ መለወጧን አየች። በአንድ ቀን ውስጥ መቆም አቃታት፤ መዳህ እንኳ ጭንቅ ሆነባት። ለቅሶውና ጭንቅላት መምታቱ ተመለሰ። በወራት የተገኘው በጥቂት ቀናት ጠፋ። ፌኒልአላኒኑ ሲነሳ እንደገና ተሻላት። ሙከራው ቆይቶ በሆስፒታል ውስጥ፣ በቁጥጥር ስር ተደግሞ በፊልም ተቀርጿል።

እንደ ማስረጃ ይህ በጣም ጠንካራ ነው። አንዲት ልጅ ብቻ፣ ያለ ማነጻጸሪያ ቡድን፣ ሆኖም መንስኤውን ሰጥተው ነሥተው ውጤቱን አዩ። ከሁሉም በላይ ተመልካቿ ምን እየተሰጠ እንዳለ አታውቅም ነበር፤ ዛሬ ይህን ስውር ሙከራ እንለዋለን።

እንደ ሥነ ምግባር ግን ይከብዳል። ያቺ በየጠዋቱ በር ላይ የቆመች እናት የልጇን ምግብ በገዛ እጇ ስትሰጥ የምትሰጠውን አላወቀችም። ዛሬ የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅደውም፤ መፍቀድም የለበትም። በሌላ በኩል ያ የፊልም ማስረጃ ባይኖር ሌሎች ሐኪሞች ስንት ዓመት ይጠራጠሩ ነበር፣ በዚያ ዓመታት ስንት ሕፃናት ይጎዱ ነበር የሚለው ክርክር አለ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያጥበውም። ከሦስቱ ፈራሚዎች ማንኛቸው ምን እንዳሉ ሳይታወቅ ጥፋቱን ለአንዱ፣ ሙገሳውን ለሌላው ማከፋፈልም ትክክል አይሆንም። ሦስቱም ፈርመውበታል፤ ሂክማንስም ጭምር።

የ1953ቱ አጭር ዘገባ በ1954 አክታ ፒዲያትሪካ በተባለው የስዊድን የሕክምና መጽሔት በሰፊው ታተመ። የዚህኛው ርዕስ የልጅቷን «ኬሚስትሪና ባሕርይ» አንድ ላይ ይጠራል። በአንድ ርዕስ ሁለቱን ማጣመር ያኔ ድፍረት ነበር፤ ባሕርይ የአእምሮ ሐኪም፣ ኬሚስትሪ የላቦራቶሪ ጉዳይ ነው በሚባልበት ዘመን። (በነገራችን ላይ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰሞን፣ ጄራርድ የተሳተፉበት ሌላ ቡድን ሴሊያክ የተባለው የአንጀት በሽታ ከስንዴ ጋር ያለውን ዝምድና አሳይቷል፤ በ1952 በላንሴት ወጥቷል። ምግብን እንደ መድኃኒት ማሰብ በርሚንግሃም ውስጥ የአንድ ሰው አባዜ አልነበረም።)

ከዚያ በኋላ

ልጅቷ አልዳነችም። ምግቡ የተጀመረው አንጎሏ ከተጎዳ በኋላ ነው፤ የጠፋው አይመለስም። የአመጋገብ ሥርዓቱንም እስከ መጨረሻው መቀጠል አልተቻለም፤ ቀሪ ዕድሜዋን ያሳለፈችው በእንክብካቤ ተቋም ነው። ስለ እሷ ሲጻፍ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለል ያለበት አይመስለኝም። ሕክምናው የሚጠቅመው ምልክት ሳይታይ፣ በተወለዱ በቀናት ውስጥ ሲጀመር መሆኑ የታወቀው ከእሷ ዓይነት ልጆች ነው።

ቢክል ወደ ጀርመን ተመልሰው በማርቡርግ፣ ኋላም በሃይደልበርግ ሠሩ። ጄራርድ በ1955 ወደ ካናዳ ሄደው በሳስካቱን የሕፃናት ሕክምና ክፍልን መሩ። በ1962 የፊላደልፊያ ከተማ የምትሰጠው የጆን ስኮት ሜዳሊያ ለሦስቱም በጋራ ተሸለመ። ሂክማንስ ያኔ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ ጡረተኛ ናቸው። ሽልማቱ ሐኪምና ባዮኬሚስት ብሎ አልከፈላቸውም፤ ኋላ የተጻፉ ብዙ ማስታወሻዎች ግን ከፍለዋቸዋል። ከጽሑፍ ፈራሚዎች መካከል የመጀመሪያው ስም እየተጠራ ሌላው «እና ባልደረቦቹ» ውስጥ ሲገባ፣ ሦስተኛዋ መጀመሪያ ትጠፋለች።

ሮበርት ገትሪ የተባሉ አሜሪካዊ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከሕፃን ተረከዝ በሚወሰድ የደም ጠብታ፣ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ፣ ፒኬዩን የሚለይ ርካሽ ምርመራ አወጡ። ብሪታንያ በ1969 ለሁሉም ሕፃናት የደም ጠብታ ምርመራ ጀመረች። ምርመራው ያለ ሕክምናው፣ ሕክምናውም ያለ ምርመራው ጥቅም አልነበራቸውም።

ዛሬ የፒኬዩ ምግብ በፋብሪካ ይዘጋጃል፤ ከሰሉ ቀርቶ አሚኖ አሲዶቹ አንድ በአንድ ይቀላቀላሉ። አሠራሩ ግን የ1951ዱ ነው፤ ፌኒልአላኒን የሌለበት ዱቄት፣ በላዩ የተለካ ተፈጥሯዊ ፕሮቲን። በብሪታንያ ወላጆች የሚቆጥሩት 50 ሚሊ ግራም ፌኒልአላኒን፣ ማለትም አንድ ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ እንደ አንድ ድርሻ ይዘው ነው። እቤት ውስጥ የሕፃኑን ተረከዝ ወግተው ጠብታውን በካርድ ላይ ያደርቁና ለሆስፒታሉ ላቦራቶሪ በፖስታ ይልካሉ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ድርሻ ይቀነሳል፤ በጣም ከወረደ ጥቂት ወተት ይጨመራል።